ከመብራቱ በታች

የመጸዳጃ ቤቱ ሠራተኛ ታችኛው ክፍል፣ በሩ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አካፋው ከእጁ አልወጣም፤ እጀታው ተሰንጥቋል፤ የብረቱ በር ቀለም ከውስጥ ተፋፍቋል። መቀርቀሪያው ግን የተዘጋው ከውጭ ነው። በአፉ የሚስበው የአስም መድኃኒትም ውጭ በሰቀለው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «አይጠግቤ» ይሏታል፤ አንድ መልስ በቅቷት አያውቅም። ወደ ላይኛው ክፍል ወጣች። የአትክልት ማሳያ ሥፍራው መጸዳጃ ውሃ የለውም፤ የሚወርደው ሁሉ ታች ከሰጋቱራ ጋር ተከምሮ ብስባሽ ይሆናል። በቀዳዳው ቁልቁል አየች። ድቅድቅ ጨለማ ነው። ፊት ለፊት የተሰቀለች ትንሽ አምፖል ዓይኗን ወጋቻት።

«አባቴ ነው የሰቀላት» አለች ጎብኚዎችን የምታዞረው የሟቹ ልጅ፣ ዓይኖቿ በለቅሶ አብጠው። «ብርሃኑ ዓይን ላይ ካረፈ ታች ያለው አይታይም። ብስባሹን ሊያገላብጥ ሲወርድ ያጠፋታል፤ ጠፋች ማለት ታች እሱ አለ፣ ማንም አይቀመጥም። የታችኛውንም በር ለአየር ብሎ ወለል ያደርገዋል።»

«ትናንትስ?»

«ረፋዱ ላይ እንግዶቼን ይዤ ስመጣ በርታ ነበር።»

አትክልተኛው ከሟቹ ጋር መጣላቱን አልደበቀም። «ያልበሰለ ብስባሽ ሰጥቶ ችግኜን ፈጀብኝ። ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈናል። ግን እትዬ፣ ለኩርፊያ ሰው ይገደላል? ትናንት በሞተር ማጨጃው ሣር ሳጭድ ነው የዋልኩት። ያ ሞተር ከተነሳ የራሴንም ድምፅ አልሰማ።» የተናገረው ኋላ ገባውና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

የማሳያው ሥራ አስኪያጅ ቸኩሎ ነበር። «ትናንት እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ራሴ ገብቼ በቀዳዳው አይቻለሁ። አካፋው ክምሩ ላይ ተሰክቷል፤ ሰው ግን የለም።»

«አካፋውን አዩት?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

መርማሪዋ ሦስቱንም ላይኛው ክፍል ሰበሰበች። «ጎንበስ ይበሉ» አለችው ሥራ አስኪያጁን። «ምን ይታያል?»

«ምንም።»

አትክልተኛውን ታች ልካ በሩን አስከፈተች፤ አምፖሏንም አጠፋች። የቀን ብርሃን ከሥር ገባ። ክምሩ፣ ሰጋቱራው፣ እሷ ራሷ የሰካችው ሌላ አካፋ፣ ሁሉም ፍንትው ብሎ ታየ። አትክልተኛው ተመልሶ ወጣ።

«ትናንት አካፋውን ያዩት እንዲህ ሆኖ ነው» አለች። «አምፖሏ ጠፍታ፣ በሩ ተከፍቶ። እንዲህ የሚሆነው ደግሞ እሱ ታች ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው የለም ያሉት ውሸት ነው። በሩ ተከፍቶ እንግዳ ቢገባ ይህ ሁሉ ጉድ ይታያል። ያን ፈርተው ዘጉት፤ አምፖሏንም አበሩ።»

ሥራ አስኪያጁ ከቀዳዳው ወደ ኋላ ሸሸ። «ለሃያ ደቂቃ ብቻ ነበር! እሱን ለማስወጣት ጊዜ አልነበረም፤ ነፋስ እንዳይከፍተው በሩን ቀረቀርኩት። እንግዶቹ እስኪያልፉ ድምፅህን አታሰማ አልኩት። ‹እሺ ጌታዬ› አለኝ። ከዚያ ለምሳ ይዣቸው ወጣሁና... ረሳሁት።»

ልጅቷ ቀና ብላ አምፖሏን አየች።

«እኔ እኮ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «እንግዶቹን እዚሁ አቁሜ ‹እዩ፣ ምንም አይታይም፤ የአባቴ ሥራ ነው› ብዬ ኮራሁ። ያኔ በሕይወት ነበር?»

የሐኪሙ ወረቀት መርማሪዋ ቦርሳ ውስጥ ነው። የሞተው ከቀትር በኋላ ነው ይላል። ልጁ ስታወድሰው ሰምቷል፤ ዝም በል ስለተባለም ዝም ብሏል። በሩን መደብደብ የጀመረው እሷ ከሄደች በኋላ መሆን አለበት። ወረቀቱ ነገ ፍርድ ቤት ይነበባል፤ መርማሪዋ ይህን ማስቀረት አትችልም።

«አልነበረም፣ ልጄ» አለች።

ልጅቷ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ማለት ጀመረች። ታች፣ በሩ ሥር፣ የተሰነጠቀው እጀታ ስንጣሪዎች ገና አልተነሱም። አይጠግቤ እጇን ሰዳ አምፖሏን አበራች።