ለሰበር የተጻፈ አቤቱታ

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ስፒሉ እንዳይወጋሽ» አለቻት እናቷ።

ቀጮ ቀጥ አለች። የለበሰችው ጥቁር ካባ የእሷ አይደለም፤ የጓደኛዋ የፍንጭት ነው። ሁለቱ በቁመት እኩል ስለሆኑ ልብስ ሰፊዋ እናቷ ልኩን በልጇ ላይ እየሞከረች ነው። አርብ ዕለት ክፍላቸው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የልምምድ ችሎት ያሳያል፤ እውነተኛ ዳኛም ተጋብዘዋል። ፍንጭት የተከሳሹ ጠበቃ ናት። ቀጮ ደግሞ ሬጅስትራር፤ አቤቱታ ተቀብላ፣ አንብባ፣ ማኅተም መትታ መዝገብ የምትከፍት።

«ሬጅስትራር ካባ የለውም እንዴ?»

«የለውም።»

«ተመስገን። ከፊት ባትቆሚ ይሻልሻል። ዳኛ ፊት የተናገረ ሰው ጥርስ ይነከስበታል።»

«እማዬ፣ የውሸት ችሎት እኮ ነው።»

«የውሸቱም ይለመዳል።» እናቷ ስፒሉን ሰካች። «ያቺ ልጅ ግን ጨዋታ ታውቃለች። ትናንት መጥታ በሳቅ ገደለችኝ።»

ቀጮ እርር አለች። እናቷ በእሷ ጨዋታ የሳቀችበትን ቀን ልታስታውስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

የሕግ መግቢያ ትምህርትን ከማንም በላይ ያጠናችው እሷ ነበረች። የፍርድ ቤቶችን ደረጃ በሦስት ቀለም ሥላዋለች፤ ከታች ክሱን መጀመሪያ የሚያየው፣ ከላዩ ይግባኝ ሰሚው፣ ከሁሉም በላይ ሰበር። መምህሩ ግን ጠበቃ ሲመርጡ ጣታቸው የሄደው ወደ ፍንጭት ነው። «ድምፅ አላት» አሉ።

ስለ ሰበር የተማሩ ዕለት ፍንጭት ጉንፋን ይዟት ቀርታ ነበር። በማግስቱ «አንቺ፣ የትናንቱን ደብተር ስጪኝማ» አለቻት። ቀጮ «እኔም አልጻፍኩም፤ መምህሩ ሲያወሩ ነው የዋሉት» ብላ መለሰች። ውሸቱ እንዴት እንደቀለላት ራሷን ገረማት።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ፍንጭት አቤቱታዋን ይዛ መጣች። ከመምህሩ ጠረጴዛ ጀርባ ለተቀመጠችው ቀጮ እጅ ነሣች።

«የተከበሩ ሬጅስትራር፣ ደንበኛዬ ያለጥፋቱ ታስሯል። ቶሎ በይልኝ፣ ርቦኛል።»

ቀጮ አነበበች። ደንበኛው፣ ብስክሌት ሰርቀሃል ተብሎ የመጀመሪያው ፍርድ ቤት የፈረደበት ጎሚስታ ነው። ምስክሩ ከሩቅ ሆኖ የሌባውን ፊት በደንብ ስላላየ ሊታመን አይገባም ይላል ጽሑፉ። ያምራል። አናቱ ላይ ግን በትልልቅ ፊደል «ለሰበር ችሎት» የሚል ሰፍሯል።

«ለምን ሰበር?»

«ትልቁ እሱ አይደል? ከታች ምን አንከራተተኝ።»

ቀጮ አንገቷን ደፋች። ሰበር የሚያየው የሕግ ስሕተት ብቻ ነው። ምስክሩ አይቷል ወይስ አላየም የሚለውን የሚመዝነው ይግባኝ ሰሚው ነው። ነገ ዳኛዋ የመጀመሪያውን መስመር እንዳነበቡ ወረቀቱን ይመልሱታል። ፍንጭት በሁለት መቶ ተማሪ ፊት ቃል አጥታ ትቀራለች። መምህሩም ድምፅ ብቻውን እንደማይበቃ ያውቁታል።

ማኅተሙን አነሣች። ከተጠየቀች አላስተዋልኩም ትላለች።

«እናትሽ ካባውን ጨረሱልኝ?» አለች ፍንጭት። ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች። «እውነት ለመናገር ፈርቻለሁ። ቤት ስለማመድ ሁለቴ ቃል ጠፋብኝ። ነገ ከጠፋብኝ አንቺን ነው የማይሽ፣ እሺ? አንቺን ካየሁ ይመለስልኛል።»

ቀጮ ይህን ባትሰማ ይሻላት ነበር። ቅናቱ ጭራሽ ባሰባት። ልጅቷ ስትፈራ እንኳ ያምርባታል።

ነገ ግን የፍንጭት ዓይን እሷን ሲፈልግ የት ትደበቃለች? ማኅተሙን አስቀመጠችና ወረቀቱን ገፋ አደረገችላት።

«አልቀበልም።»

«አትቀልጂ።»

«ሰበር ምስክር አይመዝንም። ለይግባኝ ሰሚው ብለሽ አስተካክለሽ አምጪ።»

ፍንጭት ቀና አለች። «ይህን ከየት አወቅሽ? አልጻፍኩም ብለሽኝ አልነበር?»

«ጽፌያለሁ።» ቀጮ ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ከወረቀቱ ላይ ደረበችው። «ሆን ብዬ ነው የከለከልኩሽ። ጠበቃ መሆን የፈለግኩት እኔ ነበርኩ።»

ፍንጭት ደብተሩንና ወረቀቱን ሰብስባ ወጣች፤ በሩንም አልዘጋችውም።

ቀጮ ልትከተላት ተነሣች። ምን ብላ ይቅርታ እንደምትለምናት ግን አላወቀችም። ደወል ሊደወል አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ተመልሳ ተቀመጠች። አቤቱታ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ፣ ሬጅስትራሯ ቦታዋ ላይ መገኘት አለባት።