ቦራ በገመድ ስትሰቀል

አይሱዙው ወረታ ሲገባ ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየ። ከበርሜል ቆርቆሮ የተበየደች፣ ከእውነተኛ ላም የምትበልጥ ጥቁርና ነጭ ላም ተጭናበታለች። ቀንዷን ይዞ የቆመው ሰውመሆን ነው፤ ሐሙሲት ላይ የብየዳ ቤት ያለው፣ ከመሳቁ በፊት ዓይኑ የሚስቅ ወጣት።

ሰገን በአዲሱ የወተት ቤቷ በር ላይ ሆና ስታይ ልቧ ዘለለ። ላሟን አይቼ ነው ብላ ራሷን ልታታልል ሞከረች።

ላሟን ለወተት ቤቷ ምልክት እንድትሆናት ያዘዘችው ከሁለት ወር በፊት ነበር። ሰውመሆን «የማላውቃትን ላም አልሠራም» ብሎ ፎገራ ሜዳ ድረስ ወረደ። ቦራ የምትባለውን የእነሰገንን ላም እየተከተለ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ሲስል ዋለ። አንድ ቀን ይበቃው ነበር፤ አምስት ቀን ተመላለሰ።

«ገና አልጨረስክም?» አለችው በአምስተኛው ቀን።

«ላሟንስ በመጀመሪያው ቀን ጨርሻለሁ» አለና አቀረቀረ።

ከዚያ ወዲያ ለሁለቱም ሌላ ወሬ አልጣማቸውም። አባቷ አቶ ደረሰ ግን ይህን ሲሰሙ፣ «ልጄን ለቀጥቃጭ ዘር አልሰጥም!» ብለው ቆረጡ። ሰገን የአባቷን ቃል መስበር ፈራች። ሰውመሆን ሲደውል ዝም፣ መልእክት ሲልክላት ዝም። እነሆ ሦስት ሳምንት ሆነ።

አሁን ከአይሱዙው ወርዶ ፊቷ ቆመ። «አምጥቻታለሁ» አለ።

«አየሁ» አለች።

ከፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጠው አብዱልባሲጥ ገመድ ይዞ መጣ። ስምንት ሰው ተሰለፈ። ሰውመሆን መሰላል ላይ ወጥቶ ብሎኑን አዘጋጀ፣ ሰዎቹም መሳብ ጀመሩ። ላሟ ከመሬት ተነስታ ግማሽ መንገድ ስትደርስ አቶ ደረሰ ዘንጋቸውን ይዘው ከች አሉ። ከሥሯ ቆመው ወደ ላይ አንጋጠጡ። ከዚያ ሳቃቸው መንገዱን ሞላው።

«ሦስት ጡት! ላም አይቶ የማያውቅ ሰው ላም ሠራ!»

ሰዉም አብሯቸው ሳቀ። የሰውመሆን ጆሮ ቀላ፤ ጎንበስ ብሎ በእጁ ያለውን ብሎን ማገላበጥ ያዘ። ሰገን ይህን አየችና ከዚያ በላይ መቻል አቃታት።

«አባ፣ ቦራን ማነው የሚያልባት?»

«አንቺ ነሻ።»

«ስንት ጡቷን?»

አቶ ደረሰ ዘንጋቸውን ዝቅ አደረጉ። የቦራ አንድ ጡት አምና ታሞ ደርቋል።

«አራተኛውን ልጨምር ብዬ ነበር» አለ ሰውመሆን ከመሰላሉ ላይ፣ ቀስ ብሎ። «ግን የሌላ ሰው ላም ሆነችብኝ።»

ሽማግሌው ላሟን እንደገና አዩዋት፤ ግንባሯን፣ የጎበጠ ቀንዷን፣ ግቷን።

«ጋሽ ደረሰ፣ ፍርዱን ቶሎ ይስጡ! እጃችን ሊበጠስ ነው!» ብሎ አብዱልባሲጥ ጮኸ።

አቶ ደረሰ ጋቢያቸውን ወዲያ ጣሉና ገመዱን ያዙ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ሳቡ!»

ላሟ ከበረንዳው ጣሪያ ላይ ስትቆም እልልታው ቀለጠ። ሰውመሆን የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ ሲወርድ አቶ ደረሰ ላባቸውን እየጠረጉ ጠበቁት።

«ይህን ያህል ዓመት የማርሰው ቀጥቃጭ በሠራው ማረሻ ነው» አሉት። «ክፉ ተናግሬአለሁ፤ ይቅር በለኝ። ማክሰኞ ከብት አስከትባለሁ። ረቡዕ ሽማግሌ ላክ።»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለች ሰገን።

ሰውመሆን የብሎን መፍቻውን አስቀመጠ፣ የእጁን ጥቀርሻ በሱሪው ጠረገና ቀረባት።

«ሰገን፣ ታገቢኛለሽ?»

ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያጠራቀመችው ቃል ብዙ ነበር፤ ከሁሉም አንዱን ብቻ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማው አድርጋ ተናገረች።

«ምን አለች? ምን አለች?» አለ አብዱልባሲጥ።

የመለሰለት የለም። ሁለቱ ሲስቁ ሲያይ ግን መልሱን ለወረታ ሁሉ እሱው ጮሆ አወጀ።