ያልኮመጠጠው በርሜል

«ሰማሽ? የሽሪምፕ እርሻው መኖ ቀያጭ ሰክራ ኩሬ ውስጥ ገባች አሉ» አለች ጎረቤት፣ አንገቷን በአጥሩ ላይ አስግጋ። «ከወንድሟ ጋር ደግሞ ተጣልተው ነበር አሉ። እኔ ምን አገባኝ!»

ምን አገባኝ ያለችው ሴትዮ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወራች። መርማሪዋ የጫማዋን ማሰሪያ እየቋጠረች አንዲቷንም አላሳለፈች። መሥሪያ ቤት «አፍንጮ» ነው የሚሏት፤ ወሬም ሽታም አያመልጣትም። ስልኳ ሲጮኽ የምትጠራበትን አውቃዋለች።

መጀመሪያ ሐኪም ቤት ገብታ ሬሳውን አየች። የጭንቅላቷ ጀርባ ተፈንክቷል። እርሻው ስትደርስ ደግሞ ባለ ቅርፊቶቹ ሽሪምፖች የሚረቡበት ኩሬ ዙሪያው ጭቃ ብቻ፣ ለምልክት እንኳ ድንጋይ የለው። ታዲያ ወድቃ ከሆነ ምን ፈነከታት? ንዴቷ ከዚያው ጀመረ።

የሟች ወንድም፣ የፓምፑ ሠራተኛ፣ እጁ በካቴና ታስሮ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ የሟች ጓደኛ፣ ሽሪምፕ ለቃሚዋ፣ የሟችን ቦት ጫማ አቅፋ ቆማለች።

«ሰክራ አሉ!» አለች ለቃሚዋ። «መጠጥ በአፏ ዞሮ አያውቅም!»

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከወንድሟ ጋር ሲጯጯሁ ሰው ሁሉ ሰምቷል። እኔ ትናንት ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ከተማ ስወጣ እዚህ በርሜሏን እየበጠበጠች ነበር። ‹አይዞሽ› ብያት ሄድኩ።»

«በዓይንህ አየሃት?»

«በዓይኔ በብረቱ!»

አፍንጮ ወደ ሟች ወንድም ዞረች። «አንተስ የት ነበርክ?»

«ከስድስት እስከ ሰባት ከመኖ ባለሙያው ጋር ፓምፕ ስንፈታ ነበር። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ነኝ። ብቻውን የዋለ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?»

«ምን አጣላችሁ?»

«ዝም በይ አልኳት። ዝም አልልም አለች።» ሥራ አስኪያጁን ሰረቅ አድርጎ አየና አቀረቀረ።

አፍንጮ ያቺን እይታ በልቧ ያዘች። ወደ በርሜሉ ሄዳ ባለሙያውን ጠራችው። በርሜሉ ውስጥ የሚበጠበጠውን ዱቄት ያመጣ፣ ሟችንም ያስተማረ እሱ ነው።

«ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ እትዬ» አላት። «ጥሩ ባክቴሪያ። እኩለ ቀን ላይ በውሃና በስኳር አተላ፣ በሞላሰስ፣ ይበጠበጥና ያድራል፣ ጠዋት መኖው ላይ ይረጫል። የሽሪምፖቹን አንጀት ያጠነክራል፣ በሽታ አይደፍራቸውም። እሷ ባክቴሪያዎቹን ‹ልጆቼ› ነበር የምትላቸው።»

«ሲያድር ምን ይሆናል?»

«አረፋ ይነሳል። ይኮመጥጣል።»

አፍንጮ አጎንብሳ አሸተተች። አረፋ የሚባል የለም። ጣቷን ነክራ ላሰች። ስኳር! ጎኑ ሌላ በርሜል ቆሟል፤ እስከ አፉ ውሃ ነው፣ ላዩ ላይ አቧራ ተኝቶበታል።

«ይሄኛውስ?»

ባለሙያው ፊቱ ተለዋወጠ። «የቧንቧ ውሃ ክሎሪን የሚባል መድኃኒት አለበት፣ ባክቴሪያውን ይገድላል። ስለዚህ መድኃኒቱ እስኪወጣለት ክፍት በርሜል ውስጥ አንድ ቀን ይቆያል። እሷ ስትበጠብጥ ትጨርሰዋለች፣ ወንድሟ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መልሶ ይሞላዋል።»

«ትናንት ሞላኸው?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ» አለ ወንድሟ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «እህቴን ከኩሬ እያወጣሁ ነበር።»

አፍንጮ ማማሰያውን አንስታ በርሜሉን ጓ! አደረገችው። «ሁላችሁም ኑ! ኑና ስሙ!»

ከበቧት።

«ይሄ የቆየ ውሃ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተነካም። ታዲያ ያኛው በርሜል በምን ተበጠበጠ? በቧንቧ ውሃ! ለዚህ ነው ያልኮመጠጠው። እሷ ልጆቼ የምትላቸውን በእጇ ትገድላለች? ብትሞት አታደርገውም። ወንድሟስ? ውሃውን የሚያቆየው እሱ ራሱ ነው። ባለሙያውስ? ያስተማራት ማን ሆነና! ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው የበጠበጠው።»

«ለምን ብሎ?» አለ ባለሙያው።

«ሰባት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበረች እንድንል ነዋ! ከሰባት በፊት ወንድሟ ምስክር አለው፣ ከሰባት በኋላ የለውም። እሷ ግን ያኔ ሞታ ነበር፤ በሕይወት ብትኖር በቆየው ውሃ ትበጠብጠው ነበር። እንግዲህ ስትበጠብጥ በዓይኔ በብረቱ አየኋት ያለው ማነው?»

ሁሉም ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

«ነግራኝ ነበር!» ለቃሚዋ ጮኸች። «‹ሥራ አስኪያጁ ተደብቆ መኖው ላይ የተከለከለ ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ይደባልቃል፣ ልጆቼን ፈጀብኝ፣ ነገ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እናገራለሁ› ብላኝ ነበር! ወንድሟ ‹እንጀራችንን ታስዘጊናለሽ፣ ዝም በይ› ያላት ይሄንን ነው!»

ወንድሟ በታሰረ እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ሥራ አስኪያጁ ደም ስሩ ተገታተረ። «በዓይን ለማይታይ ትል ነው ይሄ ሁሉ? ለእሱ ብላ እርሻውን ልታዘጋ! ስምንት ዓመት! ስምንት ዓመት የለፋሁበት እርሻ ነው!»

ለቃሚዋ ቦት ጫማውን እግሩ ሥር ወረወረችለት።

«በስምንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ የእሷን ሥራ ሠርተህ ብታውቅ ኖሮ፣ ዛሬ ማን ይይዝህ ነበር?» አለችው።