በስግድ ቀን የጠፋችው መርሴዲስ

የጓዴ መርሴዲስ የውሃ ሽታ ሆነች።

በእስራኤሏ ኪርያት መላኪ ከተማ ውስጥ ይህን ጮክ ብሎ የተናገረ አልነበረም። ሁሉም በየመስኮቱ አየና መጋረጃውን መለሰ። አራት ዓመት ሙሉ ጥቁሯ መኪና የቆመችበት ቦታ ባዶ ነው። አስፋልቱ ላይ የቀረው ደረቅ ቅጠልና አንድ የተጨፈለቀ የልጆች ኳስ ብቻ ነው። ኳሱ ከመኪናዋ ሥር የገባው ድሮ ነው፤ ገብቶ የሚያወጣው ደፋር ግን አልተገኘም።

ጮክ ብለው የተናገሩት አንዲት ባልቴት ናቸው። እሳቸውም ፖሊስ ጣቢያ ድረስ በእግራቸው ሄደው ነው።

«መኪና ተሰርቆብኝ ነው ልጄ» አሉ።

መርማሪ ዳኘው ወንበር ሰጣቸው። «የማን መኪና ናት፣ እማማ?»

«የጓዴ። ማሪቱ እባላለሁ፤ እናቱ ነኝ።»

ዳኘው ጆሮውን ማመን አቃተው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ ይሄኛው ጉድ ግን መስከረምን ሳይጠብቅ በቤተ እስራኤል የስግድ በዓል ማግስት ከች አለ። የጓዴ ቤት ፖሊስ ጠራ!

ጓዴ ማን እንደሆነ ለማያውቅ፦ ከኪርያት መላኪ እስከ ገዴራና ያቭነ፣ ጋራዡም አዳራሹም ቁማር ቤቱም ለሱ የሚገብርለት የነበረ ሰው ነው። ከዚያችው መኪና አውርደው አሰሩት። ታሰረ እንጂ አልሄደም። መኪናዋ በሯ ሳይቆለፍ፣ መስታወቷ እንደተከፈተ ቀረች፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ሌባ እጁን አላስገባም። ከጎኗ መኪና የሚያቆም አልነበረም። በየዓርቡ ለጓዴ ያደሩ የሰፈሩ ልጆች አጥበው ያደርቋታል። ዳኘው ባለፈ ቁጥር ይገረም ነበር። አንድ እስረኛ በቆመች መኪና ሰፈር ሲያስተዳድር ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስፈራልም ያስደንቃልም።

«መጥፋቷን መቼ አወቁ?»

«ዛሬ ጠዋት። በመስኮት ሳይ የለችም።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«እሱንማ አንተ ፈልግ። ሚሽታራ ለዚህ አይደል?» አሉ ፖሊስን በዕብራይስጥ ጠርተው፤ ምርኩዛቸውንም ይዘው ወጡ።

*

ሐብቴ ባዶው ቦታ ላይ ቆሞ ነበር ዳኘውን የጠበቀው። ጓዴ ከታሰረ ወዲህ ትእዛዙን የሚያስፈጽም እሱ ነው።

«ሚሽታራ ማን ጠራ?»

«እናቱ።»

የሐብቴ ፊት አመድ ለበሰ። «አትዋሽ።»

«ጣቢያ ድረስ በእግራቸው መጥተው ከሰሱ።»

ከላይ፣ ከአንዱ መስኮት፣ የታፈነ የሴት ሳቅ ተሰማ። ሐብቴ ቀና አለ። መጋረጃው ተዘጋ፤ ሳቁ ግን አንዴ ወጥቷል።

«መኪናዋ ውስጥ ምን ነበር?» አለ ዳኘው።

«የአባቱ ፎቶ። ከፊት መስታወቷ ላይ የተንጠለጠለ። ፀሐይ ግማሽ ፊቱን አንጥቶታል፣ ግን ማንም አልነካውም ነበር። አየህ? የሞተ ሰው ሰረቁ!»

«እነማን?»

«ሽሎሞ ነዋ! ያቭነ ያለው። ጓዴ ከታሰረ ቀን ጀምሮ ቦታውን ሲመኝ የኖረ ነው። በሚመጣው ሳምንት ቁልፏን ለጓዴ ልጅ ለኢላይ ልንሰጠው ነበር። ዐሥራ ስምንት ሊሞላው ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።»

«አሁን ምን ልታደርጉ ነው?»

«የጓዴን ቃል እጠብቃለሁ። ቃሉ ሲመጣ ያቭነ ትነዳለች።»

በዚህ መሃል ኢላይ ራሱ ከፎቁ ወረደ። መልከ መልካም፣ አንገቱን ስልኩ ላይ የደፋ ልጅ ነው። ከደረጃው አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አባ መንበሩ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ልጁን ሲያዩ በምርኩዛቸው ተደግፈው እያቃሰቱ ተነሱ። ኢላይ ቦታቸው ላይ ተቀመጠ። ቀና ብሎም አላያቸው።

ዳኘው ያደገው ሽማግሌ ሲመጣ ብድግ ብሎ፣ ጉልበት ስሞ ነው። እንዲህ ያለውን የተገላቢጦሽ በዕድሜው አላየም።

*

«እኔ? ያችን መኪና?» ሽሎሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ያቭነ ውስጥ የመኪና ማጠቢያ አለው፤ የዚያን ቀን ግን በሩን ዘግቶ ነበር። ሚስቱንና ልጆቹን ጎረቤት ከተማ ጋን ያቭነ፣ እህቱ ቤት አሽሽቷል። «እዚያ ሰፈር ልቅሶ ስሄድ እንኳ ከጎኗ አላቆምም። እምልልሃለሁ!»

ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ዳኘው ብዙ ውሸታም አይቷል፤ ይህ ግን የፈራ ሰው እንጂ የዋሸ ሰው ፊት አልነበረም።

«ጓዴ ምን አለ?» ሲል ጠየቀ ሽሎሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሐብቴ ትናንት እስር ቤት ሄዶ መልስ ይዞ እንደመጣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። «‹ተዉት› ነው ያለው» አለ ዳኘው።

«ተዉት? በቃ?»

«በቃ።»

«እና እውነት እናቱ ናት የከሰሰችው?»

«አዎ።»

የሽሎሞ አፍ በአንድ ወገን ተጣመመ። «ዋ ጓዴ!» አለና ሳቀ። እየሳቀ ሄዶ የማጠቢያውን በር ከፈተ። የአራት ዓመት ፍርሃት ዓይኑ እያየ ከአንድ ሰው ፊት ላይ ሲወርድ፣ ዳኘው በመገረም ቆሞ ቀረ። በየሄደበት እንዲህ ነው። ጥያቄ ይዞ ይገባል፣ ሳቅ ትቶ ይወጣል።

ግን ጊዜ አልነበረውም። ሐብቴ አንድ ነገር ይዶልት ነበር። «ተዉት» የሚለውን ቃል አላመነም፤ «እየፈተነን ነው» ብሎ ልጆቹን ለቅዳሜ ምሽት፣ ሰንበት እንደወጣ፣ ቀጥሯል። ዓርብ ጠዋት ይህን የሰማው ዳኘው ሽሎሞ እንዲጠበቅ ካደረገ በኋላ ወደ ኪርያት መላኪ ገሰገሰ።

መኪናው ውስጥ ሆኖ አሰበ። አራት ዓመት የቆመች መኪና አትነሳም። ባትሪዋ ሞቷል፣ ጎማዎቿ ተንፍሰዋል። ስለዚህ የጎተታት የጭነት መኪና አለ። የጭነት መኪና ደግሞ ድምፅ አለው። ሌባው ሰፈሩ ባዶ የሚሆንበትን ቀን ያውቅ ነበር። ስግድ! በስግድ ቀን ሰዉ ሁሉ ለጸሎት በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም ይወጣል፤ ሐብቴም፣ ልጆቹም ሳይቀሩ።

አባ መንበሩ አግዳሚያቸው ላይ ነበሩ። ዳኘው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«አባ፣ ከዚህ ሽኩና፣ ከሰፈሩ ሰው፣ ለስግድ ያልወጣ ማን ነው?»

«ማሪቱ ብቻ። ጉልበቴን አመመኝ ብላ ቀረች። ቀርታም አታውቅ።»

«ለልጁ ግን ለምን ይነሳሉ?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ምን ላድርግ ልጄ? የሱ ልጅ ነው። ሐብቴ ተነሳ አለኝ፣ ተነሳሁ። መጀመሪያ የተነሳሁ ቀን ማሪቱ ከመስኮት አየችኝ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሸፈነች። እኔም ሞቴን ተመኘሁ።»

*

የማሪቱ ቤት ግርግዳ ላይ ከዘመድ ፎቶዎች መሃል አንድ አለ። ጢማም ሰውዬ፤ ግማሽ ፊቱ በፀሐይ ነጥቷል። መስኮቱ ያለው ግን በሌላ በኩል ነው። ያ ግርግዳ ፀሐይ አያውቅም።

ዳኘው ፎቶውን አየ። ማሪቱ ዳኘውን አዩ።

«ይሄ ፎቶ መኪናዋ ውስጥ ነበር» አለ።

«ታዲያስ? ባሌን በብረት መጭመቂያ ላስጨፍልቀው?»

ዳኘው ተቀመጠ። «መኪናዋ የት ናት?»

«ገዴራ፣ ቁራሌው ዘንድ። ይሄኔ ተጨፍልቃ አልቃለች። የወንድሜ ልጅ ጎትቶ ወሰዳት። በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ እዚህ ቆሜ።»

«የማን ናት መኪናዋ?»

«በስሜ ናት። ድሮም በስሜ ነው ያወጣት።»

ዳኘው ሊስቅም ሊቆጣም ቃጣው። «ጓዴ ያውቃል?»

የማሪቱ ድምፅ ወፈረ።

«ሄጄ ነገርሁት። ‹አባ መንበሩ ለልጅህ ተነሳ› አልሁት። የዚያን ዕለት አለቀሰ። ታስሮ ያላለቀሰ ልጅ! ‹እማየ፣ ደጋግሜ ተዉኝ ብያቸዋለሁ። ተዉኝ ስላቸው ፈተና ነው ብለው ይብሳሉ። ዝም ስል ተቆጥቷል ብለው ሰው ይደበድባሉ። ስሜ ከእጄ ወጥቷል። አሁን ልጄን ሊወስደው ነው› አለኝ። እኔም ‹እንግዲያው ስምህን ልስረቀው› አልሁት። ‹ስረቂው› አለኝ።»

«እና ፖሊስ...»

«የተሰረቀ ሰው፣ ተሰርቆ ዝም ያለ፣ እናቱ ደግሞ ሚሽታራ ደጅ የጠናች! ማን ይፈራዋል ከእንግዲህ?»

«እኔን ግን በከንቱ አደከሙኝ፣ እማ ማሪቱ።»

«በከንቱ? ሥራውን የሠራኸው አንተ ነህ እኮ! እኔ ባወራ አሮጊት ለፈለፈች ነው የሚሉት። መንግሥት በየቤቱ እየዞረ ‹የጓዴ መኪና ተሰረቀች› ሲል ግን ይታመናል። እግርህ ይባረክ።»

ዳኘው ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ሰምቷል። ስሙን በገዛ እጁ የሚቀብር ሰው፣ መቃብሩንም የምትቆፍር እናት ግን አላየም ነበር።

«ሐብቴ ነገ ያቭነ ሊሄድ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሰው ይሞታል።»

«ጥራልኝ።»

ሐብቴ መጣ። ማሪቱ ቆመው ነገሩት፤ ፎቶውንም አሳዩት። ሐብቴ ግርግዳውን ተደገፈ።

«ራሱ? ራሱ ጓዴ?»

«ራሱ። ፈተና አይደለም ልጄ። ደክሞታል።»

«ለሰው ሁሉ እናገራለሁ! ራሱ ነው ያስወሰዳት እላለሁ! ማንም አልደፈረውም እላለሁ!»

«ተናገር» አሉ ማሪቱ፤ ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም።

ተናገረ። ያላመነው እንጂ ያመነው አልነበረም። «መቼስ ምን ይበል? አፈረ!» እያሉ ሳቁበት። ለቅዳሜ የቀጠራቸው ልጆች አንድ በአንድ ምክንያት እየፈጠሩ ቀሩ። ለተሳቀበት ስም ማን ይታሰራል?

ሐሰተኛ አቤቱታ ወንጀል ነው፤ ዳኘው ያውቃል። ለአለቃው ግን «ባለቤቷ መኪናዋን አግኝታለች» ብሎ ጉዳዩን ዘጋ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው አለ።

*

ከሳምንታት በኋላ ዳኘው ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ሰፈር ሄደ። መኪናውን አቁሞ ወረደ። የቆመው የጓዴ ቦታ ላይ መሆኑን ያወቀው በሩን ከዘጋ በኋላ ነው። ከጎኑ የአንዲት አስተማሪ ቢጫ ማዝዳ ቆማለች። የተጨፈለቀው ኳስ የለም፤ አንዱ ልጅ ወስዶታል።

ኢላይ አግዳሚው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። አባ መንበሩ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጡ። ልጁ ስልኩን እያየ ነበር። ሽማግሌው ከፊቱ ቆሙ። እንደ ድሮው ፈቀቅ አላሉም፤ ዝም ብለው ቆሙ።

ኢላይ ቀና አለ። ግራ ቀኙን አየ። ሐብቴ የለም። ሽማግሌውን ‹ፈቀቅ በሉ› የሚልለት የለም። አፈረ፤ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ተነሳ።

«ይቀመጡ፣ አባ» አለ። ጎንበስ ሲል መጀመሪያ አልቻለበትም፤ ከዚያ ጉልበታቸውን ሳመ።

ዳኘው ወደ ላይ፣ ወደ መስኮቱ አየ። ማሪቱ ቆመዋል። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አልሸፈኑም።