ፈሪ የተባለው ተከላካይ

አክሊሉ ሳንዲ ስፕሪንግስ ከተማ ባለው የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። ራሱ ከሲሚንቶው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል፤ የጃኬቱ ዚፕ ተገንጥሏል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው።

መርማሪ መነን ዚፑን ደጋግማ አየችው። ብቻውን ተንሸራቶ ለወደቀ ሰው ዚፑን ማን ይገነጥልለታል?

ሟቹ ከካናዳ የመጣ የተጫዋች መልማይ ነበር። የመጣውም ወጣቱ ተከላካይ ናትናኤል ፕሮፌሽናል ተጫዋች ይወጣው እንደሆነ ሊመዝን ነው። ከልምምዱ በኋላ በአዳራሹና በደጁ የቀሩት ናትናኤል፣ አሠልጣኙ ኤልቃናና የልጁ አባት አቶ ተስፋጽዮን ብቻ ነበሩ።

በናትናኤል ስልክ ላይ ከአክሊሉ የመጣ መልእክት አለ። «ፈሪ ነህ። ባላጋራ ሲመጣብህ ወደ ኋላ ትሸሻለህ። ካንተ ፕሮፌሽናል አይወጣም።»

«ይህን አንብበህ ምን አደረግህ?» አለችው መነን።

«መልበሻ ክፍል ነበርኩ። ላይክ... ሄልሜቴን ወረወርኩ። ግን አልነካሁትም፣ አይ ስዌር! ፖሊሶቹ ሁሉ እኔን ነው የሚያዩት።»

መነን ልታምነውም፣ ልትፈርድበትም አልቸኮለችም። ኤልቃናን ጠራችው።

«ልጁ እንዴት ነው? ሳትደብቅ ንገረኝ።»

«ሹቱ ደካማ ነው። ወደ ቀኝ ሲዞር ይዘገያል። ግን ጨዋታ ያነባል። አጥቂ ሲመጣበት ዓይኑን ከሱ ሳይነቅል ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ወደ ግድግዳው ያስጠጋዋል። ተከላካይ የሚመዘነው በዚህ ነው።»

«ቢሄድብህስ?»

«ቡድኔ አለቀለታ!» ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «ቆይ፣ እኔን ሰስፔክት ልታደርጊ ነው?»

«ያልጠረጠርኩት ሰው የለም።»

አቶ ተስፋጽዮን ደጅ መኪናቸው ውስጥ ነበሩ።

«ልጅዎ ሲጫወት ያዩታል?»

«እኔ ሁልጊዜ እዚሁ ነው የምጠብቀው፣ የኔ ልጅ። አንዴ ገብቼ ነበር። ሰው በመጣበት ቁጥር ሲያፈገፍግ አይቼ አፍሬ ወጣሁ። ኮሌጅ ፋርማሲ እንዲያጠና ተቀብለውታል፤ እሱን ይማር።»

«ዛሬስ ገብተዋል?»

«ሽንት ቤት ብቻ።»

መነን ሦስቱንም የተጫዋቾች አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አክሊሉ ከሰው ጋር ታግሎ ነው የወደቀው፤ ዚፑ ይመሰክራል። ከዚያ አንድ ሰው በሟቹ ጣት ስልኩን ከፍቶ መልእክቱን ላከና ኪሱ መለሰው። አክሊሉ ይህን ሊጽፍ አይችልም። ወደ ኋላ መንሸራተት የተከላካይ ዋና ችሎታ ነው፤ ሊያየው የመጣውም እሱን ነው። ኤልቃና ልጁን ለማስቀረት ቢዋሽ ኖሮ ሹትህ ደካማ ነው ብሎ ይጽፍ ነበር። ናትናኤልም ቢሆን በዚህ ችሎታው ራሱን ፈሪ አይልም። ሽሽት ነው ብሎ የሚያምነው ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ነው።» ወደ አባትየው ዞረች። «አንዴ አይተው ያፈሩ ሰው።»

«አባ?» አለ ናትናኤል። «ምንድን ነው የምታወራው?»

አቶ ተስፋጽዮን ቀና አላሉም።

«ካናዳ እወስደዋለሁ አለኝ። ተውልኝ ብዬ ጃኬቱን ያዝኩት። ሲመነጭቀኝ ገፋሁት። መግደል አላሰብኩም! ናትናኤል፣ መልእክቱን የላክሁት ተስፋ ቆርጠህ ትምህርትህን እንድትይዝ ነው። ጥርጣሬው በአንተ ላይ ይዞራል አላልኩም።»

«ሲዞርበትስ ለምን ዝም አሉ?» አለች መነን።



ናትናኤል ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ታዲያ አክሊሉ ስለኔ ምን አለ?»



«ይችላል አለኝ» አሉ አባቱ።

ናትናኤል ከአባቱ አጠገብ ተነሥቶ የአግዳሚው ሌላ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።