የቲትሩ መራራ ዱቄት

ቲትሩን ያገኙት በገዛ ትውከቱ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ከላይም ከታችም ሲወርደው ቆየና አንጀቱ ባዶ ሲቀር ነፍሱ ወጣች። የባይጋ ጎሣን መንደር ሁሉ በሥርና በቅጠል ሲፈውስ የኖረ ሽማግሌ፣ ለራሱ የምትሆን አንዲት ቅጠል ሳያገኝ ሞተ።

ኢንስፔክተር ሂራቫቲ ቴካም ፖሊሶቿን አስከትላ ከወረዳው ስትመጣ ግን መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን አልነበረም። ከሳል ዛፍ ግንድ ጋር በልጥ የታሰረች አሮጊት ነበረች። ፊቷ በእበት ተለቅልቋል፤ ከአፏም ዳር እበት ይንጠባጠባል። አብልተዋታል። ሰዉ ዙሪያዋን ከቦ፣ አንዳንዱም የማሁዋ አረቄውን እየተጎነጨ ይስቃል።

ሂራቫቲ ሰዉን እየገፋች መሀል ገባች። እሷ ራሷ ከጎረቤቱ የጎንድ ጎሣ ናት፤ ከኮረብታው ማዶ ነው ያደገችው። እነዚህን ሰዎች በደንብ ታውቃቸዋለች፤ ያቅለሸለሻትም ስለምታውቃቸው ነው።

«ማን ነው ያሰራት?»

«መንደሩ ነው እሜቴ» አለ የመንደሩ አለቃ ፋግኑ፣ ጥምጣሙን እያስተካከለ። «ቢሳሂን ትባላለች፤ መበለት ናት። ሟርተኛ ናት እኮ! መጀመሪያ የነገረን የሟቹ የእህት ልጅ ነው። ቲትሩን ሲመሽ ባመጣችለት አጥሚት ጨረሰችው። ሁለት ጊዜ ፉት እንዳለ ነው ያስመለሰው፤ ሁላችንም አይተናል።»

«ይፍቷት።»

«እሜቴ፣ ዓይኗ ክፉ ነው፤ ለእርስዎም...»

«ይፍቷት አልኩ!»

ከመንደሩ ሰው ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሂራቫቲ ራሷ ሄዳ ልጡን በቢላ ቆረጠችና አሮጊቷን ደግፋ ጥላ ውስጥ አስቀመጠቻት። ፊቷን በሻርፗ ጠረገችላት።

«እማማ፣ አጥሚቱን ከምን ሠሩት?»

«ከዳጉሳ ነው ልጄ። እኔም ከዚያው ድስት ጠጣሁ። የተረፈውን ለዶሮዎቼ ደፋሁላቸው። ይኸው እየጫሩ ነው።» ቢሳሂን ምራቋን ተፋች። «ቲትሩ እንደ ወንድሜ ነው። በሱና በእኔ መሀል ክፉ ነገር የለም።»

«የሚጠላው ሰው ነበር?»

አሮጊቷ ወደ ኮረብታው በአገጯ ጠቆመች። «ነጋዴ በውድ የሚገዛው ነጩ የመድኃኒት ሥር እዚያ ብቻ ነው የቀረው። ቲትሩና እኔ እናቲቱን ሥር ተዉ፣ ልጆቿን ብቻ ውሰዱ እያልን ስንጮህ ኖርን። ሁለታችንም ባለ መድኃኒት ነን፤ የባለ መድኃኒት ቃል ደግሞ በሕይወት እስካለ ድረስ አይሻርም። ነጋዴው ኪሾሪ ሁሉንም ቆፍሮ መጫን ይፈልጋል።»

ሬሳው ደጃፍ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር፤ ዝንቡ አያስጠጋም። ከግድግዳው ሥር አንድ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ፣ ምላሱ ተጎልጉሎ ወድቋል።

«ይሄ ውሻ ምን ሆኖ ነው?»

«የሟቹን ትውከት ሲልስ ውሎ በነጋታው ሞተ» አለ የቲትሩ የእህት ልጅ ሳማሩ። ዓይኑ በለቅሶ ደፍርሷል። ከአጎቱ ጋር የሚኖረው፣ ሙያውንም ይማር የነበረው እሱ ነው። «ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ቀን ያጠብኩት፣ ያጠጣሁት በእጄ ነው። ይቺ ሰው በላ...»

«ለማልቀሱ ትደርሳለህ። አጎትህ ጠዋት ጠዋት ምን ይወስድ ነበር?»

«ለወባው መራራ ቅጠል ፈጭቶ ይጠጣል። መንደሩ ሁሉ ያውቃል።» ከጣሪያው ማገር ላይ የቀርከሃ ቀፎ አውርዶ ሰጣት።

ሂራቫቲ ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጋ አሸተተች፣ ከዚያም በጥርሶቿ መሀል አላመጠችው። መራራ ነው፤ እንደ ሐሞት። ትፍ አለችው። ሳማሩ በጉጉት ሲያያት ቆየና ምንም እንዳልሆነች ሲያይ ትከሻው ላላ።

ከዚያ ወደ ቢሳሂን ጎጆ ሄደች። አለቃው ከኋላዋ እያለከለከ ተከተላትና በደስታ ጮኸ፦ «አላልኩም! አጥሯን ይመልከቱ! የእሳት አበባ!»

እውነት ነው። እንደ ነበልባል የተጠማዘዘ ቀይና ቢጫ አበባ አጥሩን ተጠምጥሞ ወጥቷል። ምጥ ለጠናባት ሴት ሥሩን ወቅጠው እግሯ ላይ ይለጥፉላታል፤ የበላው ግን አንጀቱን ተፍቶ ይሞታል። ሂራቫቲ ተንበረከከችና አፈሩን በጣቷ ነካችው። ከዝናቡ በኋላ እንደ ቅርፊት ደርቋል፤ ማንም አልነካውም። ቆፈረችው። እንደ ማረሻ የታጠፈው ሥር ሙሉ ነው፤ አልተቆረሰም።

ተነሥታ አበባው የበቀለበትን የመንደሩን አጥር ሁሉ አንድ በአንድ ዞረች። ስትመለስ ጭቃ የለበሰ እጇን እያራገፈች «ሰዉን ሁሉ ሰብስቡልኝ» አለች። «ነጋዴውንም ጥሩት፤ ገበያ ውስጥ ነው ያለው።»

በሳል ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። ኪሾሪ አፉን በመሐረብ ሸፍኖ መጣ፤ የሬሳው ሽታ እንዳይደርሰው። ሂራቫቲ ቆማ ተናገረች።

«ቲትሩን የገደለው የእሳት አበባ ሥር ነው፤ ሬሳውን የሚመረምረው ሐኪምም ያረጋግጠዋል። ግን ይህ ሥር ወዲያው አይገድልም። ከዋጡት በኋላ ግማሽ ቀን ያህል ዝም ብሎ ይቆያል። ቲትሩ አጥሚቱን ሁለት ጊዜ ፉት እንዳለ ካስታወከ፣ መርዙን የበላው ጎህ ሲቀድ ነው፤ እማማ ቢሳሂን ገና ሳትመጣ። ትውከቱን የላሰው ውሻ ሞተ፤ አጥሚቱን የበሉት ዶሮዎች ይጭራሉ። ይህን ሁላችሁም አይታችኋል። አይታችሁ ግን እበት አበላችኋት።»

ሰዉ ወደሚጭሩት ዶሮዎች ዞረ።

«ቲትሩ መድኃኒት አዋቂ ነው። ሥሩን ቢያየው ያውቀዋል፤ ቢቀምሰው ይተፋዋል። የማይለየው ከሌላ መራራ ጋር ከተደባለቀ ብቻ ነው። ስለዚህ መርዙ ከጠዋቱ ዱቄት ጋር ነበር።»

«ግን እርስዎ እኮ ቀምሰውታል» አለ ሳማሩ። «ምንም አልሆኑም።»

«እሱን ልነግርህ ነው። እናንተ የቲትሩን ዱቄት የጠጣችሁ፣ እንዴት ያለ ነበር?»

አንዲት ሴት ከኋላ መለሰች፦ «ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። በድንጋይ ነው የሚወቅጠው፤ አሸዋ አያጣውም። ብረት መድኃኒቱን ያረክሰዋል ይል ነበር።»

«አዎ። አሁን ቀፎው ውስጥ ያለው ግን እንደ ስንዴ ዱቄት የላመ ነው። በወፍጮ መኪና የተፈጨ። አንድ ሰው የተመረዘውን ደፍቶ ንጹሕ ሞልቶበታል። ኪሾሪ፣ በዚህ አካባቢ ወፍጮ መኪና ያለህ አንተ ብቻ ነህ። ለማን ሰጠህ?»

ነጋዴው መሐረቡን አወረደ። «እኔ... ልጁ ሳማሩ 'አጎቴ ታመመብኝ፣ ዱቄቱም አልቆበታል' ብሎኝ አንድ ቋጠሮ ሰጠሁት። በሕመሙ ሁለተኛ ቀን። እኔ ምን አውቃለሁ!»

«ቲትሩ ሲሞት ገብቶሃል። ዝም ያልከው ለነጩ ሥር ብለህ ነው።» ወደ ሳማሩ ዞረች። «ከሁሉም አጥር አንድ ብቻ ነው አዲስ የተቆፈረ። ከቤታችሁ ጓሮ ያለው። አጎትህ እያጣጣረ 'መድኃኒትህን ጠጣ አጎቴ' እያልክ ስንት ጊዜ ደገምክለት?»

ሳማሩ ለመሸሽ ዞረ። ፖሊሶቹ ያዙት።

«እሱ ምን አደረገልኝ!» ብሎ ጮኸ። «ዕድሜዬን ሙሉ ቅጠል ስለቅም! ኮረብታው ላይ ሀብት ተቀብሮ እናቲቱን አትንኩ እያለ! እሱም አሮጊቷም ከሞቱ ማን ይከለክለኛል?»

«ለዚህ ነው መጀመሪያ 'ሟርተኛ ናት' ያልከው» አለች ሂራቫቲ። «አንዱን በእጅህ፣ ሌላዋን በመንደሩ እጅ።»

አለቃ ፋግኑ ጉሮሮውን ጠራርጎ ቀረበ። «ልጁ አሳሳተን እሜቴ። ሰው መሆን ነው፤ እንሳሳታለን።»

«እበቱን የዛቀው ማን ነው?»

ፋግኑ እጁን ለመደበቅ ሞከረ። ከጥፍሩ ሥር አሁንም አረንጓዴ ነገር ነበር።

«አንተም ትመጣለህ» አለችው፤ ከእንግዲህ አንቱታ አልወጣትም። «ያሰሯትም፣ የያዙላቸውም ጭምር።»

አለቃው ወደ አሮጊቷ ዞረ። «ቢሳሂን፣ እህቴ፣ ይቅር በይን። ቲትሩ የለም፤ ሥሩን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ብንታመም ወዴት እንሄዳለን?»

ቢሳሂን ቀስ ብላ ተነሣች። የፊቷን ርዝራዥ በክንዷ ጠረገች።

«ለልጆቻችሁ እመጣለሁ» አለች። «ልጅ ምን በደለ። እናንተ ስትታመሙ ግን ሆስፒታል ሂዱ። ምላሳችሁን አይቼ፣ ሆዳችሁን ዳብሼ መድኃኒት መስጠት አልችልም። ታቅለሸልሹኛላችሁ።»