ዓባይነሽ ዳክዬዎቹን ወደ ምንጩ ያስገባች ዕለት

ዓባይነሽ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ዳገት ላይ ነበር። ነገሩ የሆነው በ1958 ዓመተ ምሕረት ነው።

እስቲ ጆሮአችሁን ስጡኝ። አንተ ከኋላ የተቀመጥከው፣ እግርህን ሰብስብ! የምነግራችሁ የዳክዬ ታሪክ ነው። ይኸው፣ ገና ዳክዬ ስል መሳቅ ጀመራችሁ! አረማመዱ እንደሚያስቅ እኔም አውቃለሁ። ይህ ታሪክ ግን ብዙ አያስቅም።

በዚያ አገር ዳክዬ የሚያረባ ሰው አልነበረም። ሥጋውም እንቁላሉም አይበላም። እነዚህ ዳክዬዎች የአቶ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። አቶ ወልደ ሥላሴ ድሬሰር ናቸው፤ ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ ማለት ነው። ሰው «ዳክዬ ምን ያደርግልዎታል?» ሲላቸው፣ «ከጎመኔ ላይ ትልና ቀንድ አውጣ ይለቅምልኛል» ይሉ ነበር። ለትምህርት ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄዱ ዳክዬዎቹን ለዓባይነሽ አባት፣ ለአቶ ዳኘው አደራ ሰጡ።

«ዳኘው ወንድሜ፣ ዳክዬ እንደ ዶሮ አይደለም» አሉ። «ቤቱ ደረቅ፣ ውሃው ጥልቅ ይሁን። ጭንቅላቱን ነክሮ ዓይኑንና አፍንጫውን ካላጠበ ይታመማል።»

አቶ ዳኘውም ደህና ቤት ሠሩላቸው። ቤቱ በድንጋይ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ቆመ። ግድግዳው በጭቃ ተመረገ፣ ወለሉ ላይ ገለባ ተጎዘጎዘ። ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ሲመሽ በሩ ይዘጋል። ከቤቱ ራቅ አድርገው ደግሞ ትንሽ ኩሬ ቆፈሩና በሸክላ አፈር ለቀለቁት። ለምን ራቅ አደረጉት? ዳክዬ ውሃ ካገኘ ይረጫል፤ ገለባው ከራሰ ደግሞ ይበሰብሳል።

ኩሬውን መሙላት የዓባይነሽ ሥራ ሆነ።

«ልጄ፣ አሮጌውን ውሃ በየቀኑ ድፊው» አሏት አባቷ። «አዲሱን ከወንዝ ቅጂ። ከምንጩ ግን ጠብታ እንዳትነኪ።»

ምንጩ ለቤታቸው ቅርብ ነበር። ውሃው ተጠራቅሞ ሰፋ ብሎ ይተኛል፤ ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል። መንደሩ በሙሉ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚቦካውም በዚያው ውሃ ነው፤ ዲያቆኑ ራሱ መጥቶ ይቀዳል። ስለዚህ ከብት አይገባበትም፣ ልብስም አይታጠብበትም። ወንዙ ደግሞ ቁልቁል ነው። መውረዱ ቀላል ነው፤ ማድጋ አዝሎ መውጣቱ ግን ወገብ ይቆርጣል።

የሁዳዴ ጾም ገብቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኩሬው ደርቋል። ዳክዬዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ። ከማዶ የጓደኞቿ ድምፅ መጣ።

«ዓባይነሽ! ነይ ቅልሞሽ እንጫወት!»

«ውሃ አልቀዳሁም!»

«ኧረ ተይው እቴ! ስትመለሺ ትቀጃለሽ!»

ዓባይነሽ ቁልቁል ወንዙን አየች። ከዚያ ምንጩን አየች። «ውሃውን ወደ ዳክዬዎቹ ከማመላልስ፣ ዳክዬዎቹን ወደ ውሃው ብወስድስ?» አለች በልቧ። አያችሁ ልጆች፣ ሰይጣን ሲመጣ አያስፈራም፤ ሥራ የሚያቀል ሐሳብ ይዞ ነው የሚመጣው።

የእሾሁን በር ጎትታ ከፈተች። ዳክዬዎቹ ተንጋግተው ገቡ። እንዴት ደስ አላቸው! ጠለቁ፣ ወጡ፣ ክንፋቸውን አራገቡ። ዓባይነሽም ሳቀች።

ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። ውሃው ደፈረሰ። ላባ ተንሳፈፈ፤ ኩስም ታየ። «ወይኔ ጉዴ!» አለችና እያዋከበች አስወጣቻቸው። ላባውን ለቀመች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እጇን ዘርግታ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» እያለች በውሃው ላይ ደጋግማ አማተበች። «በቃ፣ አሁን ተባርኳል» አለች። የልጅ ነገር! በእግዚአብሔር ስም ጥፋት ይሸፈናል እንዴ?

ወዲያው የሰው ኮቴ ሰማች። ዳክዬዎቹን ነድታ እየሮጠች ሄደች። በሩንም ሳትዘጋ ተወችው።

የመጡት እመት ታንጉት ነበሩ። እመት ታንጉት ጧሪ የሌላቸው ባልቴት ናቸው። ውሃቸውን የምትሸከምላቸው አንዲት አሮጌ አህያ ብቻ ነበረቻቸው። እንደ ሁልጊዜው አህያዪቱን ከአጥሩ ውጭ አቁመው ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ዛፍ ሥር ቁጭ አሉ። አህያዪቱ ግን ጠምቷት ነበር፤ ክፍቱን በር አይታ ሰተት ብላ ገባች።

በዚህ መካከል ዲያቆን ኃይለ ሚካኤል ለኅብስቱ ውሃ ሊቀዳ ደረሰ። አህያዪቱን ውሃው ውስጥ ቆማ አገኛት።

«እመት ታንጉት! ምን አደረጉን?» ብሎ ጮኸ።

«ኧረ ልጄ፣ በሩ ክፍት ነበር! እኔ አልከፈትኩትም!»

ማን ይስማቸው? ዲያቆኑ ባዶ ዕቃውን ይዞ ወደ ሌላ ደብር ምንጭ ሮጠ። በማግሥቱ እሑድ ቅዳሴው ዘግይቶ ገባ። ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አስተዳዳሪ ቄሰ ገበዝ አድማሴ ምእመናኑን በቅጥሩ ሰበሰቡ። መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ።

«ምንጫችን ተበላሽቷል። የእሾሁን በር የከፈተ ይናገር። አውቆ የደበቀ የተገዘተ ይሁን!»

ግዝት ቀልድ አይደለም። ትልልቆቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፉ። ዓባይነሽ ከእናቷ ነጠላ ኋላ ተደበቀች።  

አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «እመት ታንጉት፣ አህያዪቱ የእርስዎ ናት። በሩን አልከፈትኩም ካሉ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዘው ይማሉልን።»

«አልምልም» አሉ እመት ታንጉት።

ሕዝቡ አጉረመረመ።

«በእውነትም ይሁን በሐሰት፣ በእግዚአብሔር ስም ምዬ አላውቅም። ዛሬ ለመሞቻዬ አልጀምርም። አልከፈትኩም ብያለሁ፤ ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእርስዎ ነው! ከእንግዲህ ከምንጩ አይቀዱም፤ ወንዝ ይውረዱ!» አሉ ሽማግሌው።

እመት ታንጉት ያንን ቁልቁለት በዓይናቸው ለኩት። ጉልበታቸው እንኳን ለወንዙ ለምንጩም አልበቃም። «ይሁን» አሉና ምርኩዛቸውን አንሥተው ለመሄድ ዞሩ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቆይ፣ አትመልሱልኝ! ሁላችሁም «እንናገራለን» ልትሉኝ ነው። ሕዝብ ሁሉ እያያችሁ፣ አባታችሁ እየሰሙ መናገር እንዲህ ቀላል መሰላችሁ? ዓባይነሽ «ብናገር ዳክዬዎቹን ይገድሏቸዋል፤ አባዬ በሰው አደራ ያፍራል» ብላ ፈራች። ግን ዓይኗን ከአሮጊቷ ጀርባ ላይ መንቀል አቃታት። እሷ ጥፋቷን ለመሸፈን የእግዚአብሔርን ስም ያለ ፍርሃት ጠርታለች። እኚህ እናት ግን ራሳቸውን ለማዳን እንኳ ሊጠሩት አልፈለጉም። ይህን ስታስብ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እማማ፣ አይሂዱ!» ብላ ጮኸች። «እኔ ነኝ! በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ! ዳክዬዎቹን አስገባሁ፣ ከዚያ... ከዚያ አማተብኩበት!»



«ዳክዬ? ከምንጫችን?» አለ አንድ ጎልማሳ ዱላውን እያነሣ። «ዛሬውኑ አንገታቸው ይቆረጥ!»

አቶ ዳኘው ፊታቸው አመድ መስሎ ተነሡ። «የሰው አደራ ናቸው። የምትቀጡ ከሆነ እኔን ቅጡኝ።»

ቄሰ ገበዝ ሰዉን በእጃቸው ዝም አሰኙና ልጅቷን ጠሯት። ቀረበች።

«ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ ነው፣ አባቴ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ፈርቻለሁ።»

 ቄሰ ገበዝ መስቀሉን አሳለሟት። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። ከአባትሽ ጋር ምንጩን ታጸጃለሽ። እስከ ፋሲካም የእመት ታንጉትን ውሃ አንቺ ትቀጃለሽ። ዳክዬዎቹ በአደራቸው ይቆዩ፤ ምን አጠፉ?» አሉ። ወደ እመት ታንጉትም ዞረው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «እኛንም ይቅር ይበሉን።» እኒያ የፈረዱት ሽማግሌም ካንገታቸው ቀና ማለት አቃታቸው።

ሰኞ ማለዳ አባትና ልጅ የደፈረሰውን ውሃ ጨልፈው ደፉ፣ ጭቃውን ዛቁ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ አጠቡ። ከምንጩ ሞልቶ የሚፈሰው ውሃ ወደ ዳክዬዎቹ ኩሬ እንዲወርድም ቦይ ቀደዱለት። ቄሰ ገበዝ መጥተው ጸሎት አደረሱ። ምንጩ ጠርቶ ተኛ።

ሆኖም የመንደሩ ሴቶች ማድጋቸውን ይዘው ቆሙ እንጂ ማንም ቀርቦ አልቀዳም። እርስ በርስ ይተያያሉ። ዓባይነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች!

እመት ታንጉት ሴቶቹን አልፈው መጡ። ቅላቸውን ለዓባይነሽ ዘረጉላት።

«ቅጂልኝ፣ ልጄ» አሉ።

ዓባይነሽ ቀድታ ሰጠቻቸው። እመት ታንጉት ሁሉም እያያቸው እስከ መጨረሻው ጠጡ። አፋቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉ።

«ተመስገን! ጥሩ ውሃ ነው» አሉ። ያኔ ሴቶቹ ተራ በተራ ቀረቡ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስታጠፉ ፈጥናችሁ ተናገሩ፤ እናንተ በደበቃችሁት ጥፋት ንጹሕ ሰው ይቀጣልና።